ለምርምር የምንይዛቸውን ዓሦች በወጉ ማኖር፦ ከውሃ ዝግጅት እስከ መጨረሻዋ ሰዓት

ላብራቶሪ ውስጥ አይጥ ሲያዝ ሁሉም ሰው ይጠነቀቃል። ዓሣ ሲሆን ግን እጃችን ይላላል። "ዓሣ ደግሞ ምን ይሰማዋል?" የሚል ሰው ዛሬም አይጠፋም። ጥያቄው መልስ ማግኘት ከጀመረ ግን ቆይቷል። በ2003 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) ተመራማሪዋ ሊን ስኔደንና ባልደረቦቿ በትራውት ዓሣ ፊትና ከንፈር ላይ ጉዳትን ለይተው የሚያውቁ የነርቭ ጫፎች መኖራቸውን አሳዩ። ከንፈራቸው ላይ አሲድ የተወጉት ዓሦች ትንፋሻቸው ፈጠነ። ምግብ ተዉ። ከንፈራቸውን ከጠጠሩ ጋር ያሹ ጀመር። ሞርፊን ሲሰጣቸው ይህ ጠባይ ቀነሰ።

ሕጉም ዝም አላለም። የአውሮፓ ኅብረት በ2010 ያወጣው መመሪያ ዓሣን እንደ አይጥ ሁሉ ከለላ ይሰጠዋል። ከለላው የሚጀምረው ከእንቁላል የወጣው የዓሣ እጭ ራሱን ችሎ መመገብ ከጀመረበት ጊዜ ነው።

እኔ አጥብቄ የምለው አንድ ነገር ነው። ለምርምር የተያዘ ዓሣ በአብዛኛው የሚጎዳው በውሃው፣ በመረቡና በቸልታ ነው። መርፌው የደቂቃዎች ጉዳይ ነው፤ ውሃው ግን ሌት ተቀን የሚኖርበት ነው። የተጨነቀ ዓሣ ደግሞ ኮርቲዞል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞኑ ይጨምራል፣ በሽታ የመቋቋም አቅሙ ይደክማል፣ እድገቱ ይዘገያል። ከእንዲህ ዓይነት ዓሣ የተገኘ ቁጥር የመድኃኒቱን ውጤት ይሁን የጭንቀቱን መለየት ያቅታል። ስለዚህ ይህ መመሪያ ብዙ ጊዜ የሚያጠፋው ውሃው ላይ ነው።

1. መጀመሪያ፦ ሕይወት ያለው ዓሣ የግድ ያስፈልጋል?

ራስልና በርች የተባሉ ሳይንቲስቶች በ1959 ያስቀመጧቸው ሦስት መርሆች አሁንም ይሠራሉ፤ እንስሳውን በሌላ ዘዴ መተካት፣ ቁጥሩን መቀነስ፣ አያያዙን ማሻሻል። በዓሣ ምርምር መተካት ባዶ ቃል አይደለም። አንድ ኬሚካል ለዓሣ ምን ያህል መርዛማ እንደሆነ ለማወቅ ከትራውት ስንጥብ (ዓሣ ከሚተነፍስበት አካል) የተገኙ ሴሎችን መጠቀም ይቻላል። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት (ኦኢሲዲ) ይህንን ዘዴ በ2021 በመመሪያ ቁጥር 249 ተቀብሎታል። ዜብራፊሽ በሚባለው ትንሽ የላብራቶሪ ዓሣ ሽል ላይ የሚደረገው ምርመራም ከ2013 ጀምሮ ቁጥር 236 ሆኖ ወጥቷል። ወደ ዓሣ ከመሄዳችሁ በፊት እነዚህን አይታችሁ ለምን እንዳልሆኑላችሁ በጽሑፍ አስቀምጡ። ለሥነ ምግባር ኮሚቴው የምታስገቡት ማመልከቻም ከዚያ ይጀምር።

መቀነስ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ አለ። አንድ ገንዳ ውስጥ ያሉ 20 ዓሦች የሚጠጡት፣ የሚተነፍሱበትና የሚታመሙበት ውሃ አንድ ነው። መድኃኒቱን ውሃው ውስጥ ከጨመራችሁ 20 ናሙና የላችሁም፤ ያላችሁ አንድ ገንዳ ነው። ይህንን ሳያስቡ የተጀመረ ጥናት መጨረሻ ላይ ምንም ማለት ሳይችል ይቀራል፤ ዓሦቹም በከንቱ ያልቃሉ። ከስታቲስቲክስ ባለሙያ ጋር መቀመጥ ያለባችሁ ዓሣው ሳይገዛ ነው። ቁጥሩን ከሚገባው በታች ማድረግም ቁጠባ አይደለም። መልስ የማይሰጡ 10 ዓሦች መልስ ከሚሰጡ 16 ይልቅ ብክነት ናቸው።

ለዝግጅቱ ፕሪፔር የሚባለው የማረጋገጫ ዝርዝር ጥሩ ነው። ከሙከራው በፊት ተቋሙን፣ ሠራተኛውንና መሣሪያውን አንድ በአንድ ያስጠይቃችኋል።

2. የያዛችሁትን ዓሣ እወቁ

"የዓሣ መስፈርት" የሚባል ለሁሉም የሚሆን አንድ ቁጥር የለም። ዜብራፊሽ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ደስ ይለዋል። ትራውት በዚያ ሙቀት ይሞታል፤ ለእሱ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ነው። ቲላፒያ ሞቅ ያለ ውሃ ይወዳል። አምባዛ ደብዛዛ ብርሃን ይመርጣል፤ በደማቅ መብራት ሥር ማኖር ማስጨነቅ ነው።

ጠባያቸውም እንዲሁ ይለያያል። ዜብራፊሽ በመንጋ የሚኖር ዓሣ ስለሆነ ያለ በቂ ምክንያት ብቻውን አታኑሩት። በብዙ ላብራቶሪዎች ለአዋቂ ዜብራፊሽ በአንድ ሊትር ከ4 እስከ 10 ዓሣ ይያዛል። እዚህ ላይ ለብዙዎች እንግዳ የሚሆነው ነገር፣ የዓሣውን ቁጥር ማሳነስ ሁልጊዜ ደግነት አለመሆኑ ነው። በገንዳው ያለው የትራውት ቁጥር በጣም ሲያንስ አንዱ ጉልበተኛ ቦታውን ይይዝና ሌሎቹን ያሳድዳል፣ ክንፋቸውን ይነጫል። ስለዚህ በሊትር የሚቆጠረውን ቁጥር መነሻ አድርጉት። ውሳኔውን ግን ክንፋቸው፣ ክብደታቸውና ጠባያቸው ይንገራችሁ።

3. ውሃው ዓሣውን ይቅደም

የቧንቧ ውሃ በቀጥታ አይገባም። ክሎሪን ስንጥብን ያቃጥላል። ውሃውን አየር እየነፉ ማሳደር ክሎሪንን ያባርራል፤ ክሎሪንና አሞኒያ የተዋሃዱበትን ክሎራሚንን ግን በቀላሉ አያባርረውም። የውሃ አገልግሎታችሁ ክሎራሚን የሚጠቀም ከሆነ ሶዲየም ታዮሰልፌት ወይም የካርቦን ማጣሪያ ያስፈልጋል። ታዮሰልፌት ክሎራሚንን ሲሰብር አሞኒያ ትቶ እንደሚሄድ አትርሱ። ውሃው ወደ ገንዳው ከመግባቱ በፊት ክሎሪኑን ለኩ።

ቀጥሎ ማጣሪያው። ባዮ ማጣሪያ ማለት አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚቀይሩ ባክቴሪያዎች ቤት ነው። ባክቴሪያዎቹ እስኪረቡ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ገንዳ ዛሬ ተክሎ ነገ ዓሣ ማስገባት ዓሣውን በራሱ ሽንት መመረዝ ነው። አሞኒያና ናይትራይት ከፍ ብለው፣ ተመልሰው ዜሮ አካባቢ እስኪወርዱ ጠብቁ።

አሁን አሞኒያው ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ሞት የሚመጣው ከዚህ ነው። አሞኒያ ውሃ ውስጥ በሁለት መልክ ይኖራል። አሞኒየም የሚባለው ብዙም አይጎዳም። ዋናው መርዝ ነፃው አሞኒያ ነው። የመመርመሪያ ኪት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱን ደምሮ ነው የሚያሳያችሁ። ድርሻቸውን የሚወስኑት ፒኤች (የውሃው የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) እና ሙቀት ናቸው።

ኪቱ በ25 ዲግሪ 1 ሚሊግራም በሊትር አሳያችሁ እንበል። ፒኤች 7 ከሆነ ነፃው አሞኒያ 0.006 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው። ፒኤች 8 ከሆነ 0.05 ይደርሳል። ፒኤች 9 ላይ 0.36 ይሆናል። ብዙዎች ነፃው አሞኒያ ከ0.02 በታች እንዲሆን ይጠይቃሉ። ያው አንድ ቀለም ያሳየው ኪት በአንዱ ገንዳ ሰላም፣ በሌላው አደጋ ነው ማለት ነው። ስለዚህ አሞኒያ ስትመዘግቡ ፒኤችና ሙቀቱን በዚያው መስመር ላይ ጻፉ። ብቻውን የተጻፈ የአሞኒያ ቁጥር ምንም አይናገርም።

አሞኒያ ከፍ ካለ መመገብ አቁሙ፤ የውሃውን የተወሰነ ክፍል ሙቀቱና ፒኤቹ ተቀራራቢ በሆነ ውሃ ቀይሩ፤ አየር ጨምሩ። በዚህ ሰዓት ፒኤች ከፍ የሚያደርግ ነገር ጭራሽ አትጨምሩ። ደግሞ ማጣሪያውን በክሎሪን ውሃ አጥባችሁ ባክቴሪያዎቹን እንዳትጨርሱ።

ናይትራይት ሌላ ዓይነት ተንኮል አለው። በስንጥብ በኩል ገብቶ ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል፤ ደሙም ወደ ቡናማ ይለወጣል። ውሃው በኦክስጅን የተሞላ ሆኖ ዓሣው ላይ ላይ ወጥቶ ሲያለከልክ ካያችሁ ናይትራይት ለኩ። ክሎራይድ፣ ማለትም ትንሽ ጨው፣ ናይትራይቱ በስንጥብ እንዳይገባ ይሻማዋል። የያዛችሁት ዝርያ ጨዉን መቻሉን ግን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ኦክስጅንን በተመለከተ፣ ሙቅ ውሃ የሚይዘው ያነሰ ነው። 10 ዲግሪ ላይ የጠገበ ውሃ በሊትር 11 ሚሊግራም ያህል ይይዛል፤ 28 ዲግሪ ላይ ወደ 7.8 ይወርዳል። ፓምፕ ሲቆም ሞቃታማው ገንዳ በፍጥነት ይታፈናል። መጠባበቂያ ኤሌክትሪክና የሚጮህ ማንቂያ የቅንጦት ዕቃ አይደሉም። የፓምፑን መሳቢያ ቱቦም በየጊዜው ፈትሹ። ስንጥቅ ካለው አየር በግፊት ውሃው ውስጥ ይገባና በዓሣው ክንፍና ዓይን ላይ ጥቃቅን አረፋ ይሠራል።

4. የመምጫው ቀን

ዓሣ በፕላስቲክ ከረጢት ተጉዞ ሲደርስ የብዙ ሰው የመጀመሪያ ስሜት ከረጢቱን ከፍቶ አየር መንፋት ነው። ቆም በሉ። መንገድ ላይ ዓሣው ያስወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃው ውስጥ ተጠራቅሞ ፒኤቹን አውርዶታል። አሞኒያውም ተጠራቅሟል፤ ግን ፒኤቹ ዝቅ ስላለ አብዛኛው ጉዳት በሌለው መልኩ ነው ያለው። ከረጢቱን ከፍታችሁ አየር ስትነፉበት ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፣ ፒኤቹ ያሻቅባል፣ ያ ሁሉ አሞኒያ ወደ መርዝነት ይለወጣል። መንገዱን በሰላም የጨረሰ ዓሣ በር ላይ ይሞታል።

እንዲህ አድርጉ። ክፍሉን ደብዘዝ አድርጉ። ከረጢቱን ሳትከፍቱ ገንዳው ላይ አንሳፍፉትና ሙቀቱ ይስተካከል። ከተከፈተ በኋላ አትዘግዩ፤ ዓሦቹን በመረብ ወይም በትንሽ ጎድጓዳ ዕቃ ወደተዘጋጀው ንጹህ ውሃ አሻግሩ። የጉዞውን ውሃ ገንዳው ውስጥ አትድፉት። የዚያን ቀን አትመግቡ።

አዲስ ዓሣ በቀጥታ ከነባሮቹ ጋር አይቀላቀልም። ለይቶ ማቆያው የራሱ መረብ፣ የራሱ ቱቦ፣ የራሱ ባልዲ ይኑረው። በቀኑ መጨረሻ የሚጎበኘውም እሱ ይሁን። ቢያንስ ጥቂት ሳምንት ይቆዩ፤ የሞተ ካለ ይመርመር። ለዜብራፊሽ ከአዋቂ ይልቅ ላዩ በፀረ ተሕዋስያን የታጠበ እንቁላል ማስገባት እመርጣለሁ፤ ብዙ ጥገኛ ተሕዋስያንን በር ላይ ይቀንሳል። እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ ጓንት አድርጉ። ማይኮባክቴሪየም ማሪነም የሚባለው ባክቴሪያ ከዓሣ ገንዳ ወደ ሰው ቆዳ ተሻግሮ ለመዳን የሚያስቸግር ቁስል ያመጣል።

5. መኖሪያው ባዶ ብርጭቆ አይሁን

ብርሃን በሰዓት ይመራ፤ ለዜብራፊሽ የተለመደው 14 ሰዓት ብርሃን፣ 10 ሰዓት ጨለማ ነው። መብራቱ ድንገት ቦግ ከሚል ቀስ እያለ ቢበራ ይሻላል። ፓምፕን ከመደርደሪያው ጋር አታገናኙት፤ ንዝረቱ ለዓሣ ጩኸት ነው።

ባዶ ገንዳ ለማጽዳት ይመቻል፤ ለዓሣ ግን አይመችም። ዜብራፊሽ ምርጫ ሲሰጠው ጠጠርና ተክል ያለበትን ቦታ ይመርጣል። ጠጠር ንጽሕናውን ያስቸግረናል የምትሉ ከገንዳው በታች፣ ከውጭ በኩል፣ የጠጠር ፎቶ ለጥፉ። ርካሽ ነው፣ ውሃውን አይነካም፣ ዓሦቹም ይመርጡታል። የጨመራችሁትን ነገር ለሁሉም የሙከራ ገንዳዎች እኩል ጨምሩ።

6. መያዝና ማደንዘዝ

የዓሣ ቆዳን የሸፈነው ንፍጥ የመጀመሪያ መከላከያው ነው። ደረቅ እጅ፣ ደረቅ ጠረጴዛና ሻካራ መረብ ይገፉታል። መረቡ ቋጠሮ የሌለው ለስላሳ ይሁን፤ የሚነካው ሁሉ ቀድሞ ይራስ። ከውሃ ውጭ የሚቆይበትን ጊዜ ከ30 ሰከንድ በታች አድርጉ። ዓሣውን ገንዳውን ሁሉ እያዞሩ ማባረር አድካሚ ነው። ሁለት መረብ ያዙ፤ አንዱን አቁሙ፣ በሌላው ቀስ ብላችሁ ወደ እሱ ግፉት። ትንሽ ዓሣ ከሆነ ከነውሃው በጎድጓዳ ዕቃ መጥለቅ ከሁሉም ይሻላል።

በብዛት የሚሠራበት ማደንዘዣ ኤምኤስ-222 ነው፤ ትራይኬይንም ይባላል። ዱቄቱ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ አሲድ ይሆናል። በቤኪንግ ሶዳ፣ ማለትም በሶዲየም ባይካርቦኔት፣ ፒኤቹ ከ7 እስከ 7.5 ሳይመለስ ዓሣ አታስገቡ። ይህንን መዝለል ዓሣውን ከማደንዘዝ በፊት ማቃጠል ነው። መድኃኒቱ በብርሃን ስለሚበላሽ በጥቁር ጠርሙስ ይቀመጥ። ለአዋቂ ዜብራፊሽ በሊትር 150 ሚሊግራም አካባቢ የተለመደ መጠን ነው፤ ለሌላ ዝርያና መጠን መጀመሪያ በአንድ ሁለት ዓሣ ሞክሩ። የማደንዘዣው ውሃ ከገንዳው ውሃ የተቀዳ፣ ሙቀቱም ያው ይሁን።

ዓሣው መጀመሪያ ሚዛኑን ይስታል፤ ከዚያ ጅራቱ ሥር ቆንጠጥ ሲያደርጉት መልስ አይሰጥም። መሥራት የሚጀመረው ያኔ ነው። ዓይናችሁ ከስንጥቡ ክዳን አይነሳ። እንቅስቃሴው ከቆመ ወዲያው ወደ ንጹህ ውሃ አውጡና ውሃው በአፉ ገብቶ በስንጥቡ እንዲወጣ እርዱት። ሲነቃም ብቻውን፣ አየር ባለው ንጹህ ውሃ ውስጥ ይንቃ።

ማደንዘዣው ሲያልቅ ሕመሙ አይቀርም። ክንፍ የምትቆርጡ ከሆነ ሊዶካይን የሚባለውን የሕመም ማደንዘዣ በውሃ ውስጥ መስጠት ከቆረጣው በኋላ የሚታየውን የጠባይ ለውጥ እንደሚቀንስ ታይቷል። ለዘረመል ምርመራ ብቻ ከሆነ ግን ክንፍ መቁረጡ ራሱ ላያስፈልግ ይችላል፤ ቆዳውን በጥጥ ጠረግ አድርጎ ዲኤንኤ ማግኘት ይቻላል።

7. የየዕለቱ ዓይን

ዓሣን ማየት የሚገባው ምግብ ከመስጠት በፊት፣ ራቅ ብሎ ነው። ሰው ሲቀርብ የታመመውም ይንቀሳቀሳል። ላይ ላይ ማለክለክ፣ ክንፍን ገላ ላይ አጣብቆ መቆም፣ ገላን ከግድግዳ ጋር መፋተግ፣ ከመንጋው መነጠል፣ ቀለም መጥቆር፣ ቅርፊት መቆም፣ ሆድ መጉደል፤ እነዚህን በወረቀት ላይ ነጥብ ስጧቸው። ከዚያ ምግብ ስጡና ማን እንዳልመጣ ተመልከቱ።

ማቆሚያው ነጥብ፣ ማለትም ዓሣው ከሙከራው ወጥቶ ስቃዩ የሚያበቃበት ምልክት፣ ሙከራው ከመጀመሩ በፊት ይጻፍ። "በጣም ሲታመም" የሚል አይበቃም። "ሚዛኑን ስቶ ሲነኩት ካልተመለሰ" ወይም "ለሁለት ቀን ካልበላና ከከሳ" የሚል፣ ሁለት ሰው ቢያየው አንድ መልስ የሚሰጥበት ዐረፍተ ነገር ይሁን። ሞትን ማቆሚያ ማድረግ የድሮ ልማድ ነው። በዓሣ መርዛማነት ምርመራ እንኳ በ2019 የተሻሻለው የኦኢሲዲ መመሪያ ቁጥር 203 ከሞት በፊት የሚታዩ ምልክቶች እንዲመዘገቡ ይጠይቃል።

ሥልጣኑም ይታወቅ። እሑድ ማታ ተረኛ የሆነ ሰው የሚሰቃይ ዓሣ ሲያይ ዋናው ተመራማሪ ስልክ እስኪያነሳ መጠበቅ የለበትም። የማቆሚያ ነጥቡ ከደረሰ ራሱ መወሰን እንደሚችል በጽሑፍ ስጡት። ለእኔ ከማንኛውም ውድ መሣሪያ ይህ ፊርማ ይበልጣል።

8. ዓሣውን ያለ ስቃይ መግደል

ይህ ሥራ የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። የሚታየው ጉድለት አብዛኛውን ጊዜ መቸኮል ነው። በማደንዘዣ ብዛት ከሆነ፣ በፒኤች የተስተካከለ ኤምኤስ-222 ቢያንስ ከ250 እስከ 500 ሚሊግራም በሊትር ይዘጋጃል። የስንጥብ ክዳኑ መንቀሳቀስ ካቆመ በኋላ ቢያንስ 10 ደቂቃ ይቆይ፤ ትልቅ ዓሣ ከዚያም በላይ። ከዚያ አንጎሉን በማጥፋት ወይም ጭንቅላቱን በመቁረጥ ሞቱ ይረጋገጥ። የዓሣ ልብ አንጎሉ ከሞተ በኋላም ሊመታ ስለሚችል በልብ ምት ብቻ አትፍረዱ።

ዜብራፊሽ ኤምኤስ-222ን እንደሚሸሽ በሙከራ ታይቷል። ለዚህ ነው ሌሎች አማራጮችን ከእንስሳት ሐኪማችሁ ጋር መመርመር የሚገባው። አንዱ ድንገተኛ ማቀዝቀዝ ነው፤ ውሃው ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሆኖ፣ በረዶው ገላቸውን ሳይነካ። የሚያገለግለው ለዜብራፊሽና መሰል ትንንሽ የሞቃት ውሃ ዓሦች ብቻ ነው። አንዳንድ አገር የተለየ ፈቃድም ይጠይቃል። ትራውት ቅዝቃዜ የለመደ ስለሆነ ቀስ ብሎ ይሰቃያል፤ ለእሱ ክልክል ነው። ዓሣን አየር ላይ ትቶ ማሳፈንና በካርቦን ዳይኦክሳይድ መግደልማ ጭራሽ አይታሰብም።

9. መዝገቡና የተረፈው

እያንዳንዱ ሞት ቀኑ፣ ገንዳው፣ የዚያ ዕለት ሙቀት፣ ፒኤች፣ አሞኒያና ናይትራይት አብሮ ይጻፍ። ጥናቱን ስታሳትሙም የእንስሳት ጥናት እንዴት እንደሚዘገብ የሚያሳየውን የ2020ውን የአራይቭ ዝርዝር ተከተሉ፤ በሊትር ስንት ዓሣ እንደነበር፣ ብርሃኑን፣ ውሃውን፣ ማደንዘዣውንና ያለዕድሜያቸው የሞቱትን ቁጥር ሳትደብቁ አስቀምጡ። ሌላው ተመራማሪ ያንኑ ሙከራ በባዶ እጁ እንዳይደግመው የሚረዳው ይህ ነው።

ማደንዘዣ የነካው ውሃ ወደ ገንዳው ዑደት አይመለስ፤ በተቋማችሁ የኬሚካል አወጋገድ ሥርዓት ይሂድ። ሬሳውም ታሽጎ በሥርዓቱ ይወገድ። በሕይወት የተረፉትን ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ መልቀቅ ነፃ ማውጣት አይደለም፤ በሽታም እንግዳ ዘርም ይዘው ይገባሉ። ሌላ ጥናት ከተፈቀደላቸው ወደዚያ ይዛወሩ፤ ካልሆነም የሚኖሩበት ገንዳና የሚያያቸው ሰው ይመደብላቸው።